ግብዙ ድስት

የጋራዥ አማርኛ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፤ እነዚህን ቃላት ያመጡልን የጣሊያን መኪኖችና መካኒኮች ናቸው። መካኒኮቹ ሄዱ፣ መኪኖቹ አረጁ፣ ቃላቱ ግን እንደ ቤተ ዘመድ አብረውን ቀሩ። ከእነርሱ አንዱ ማርሚታ ነው፤ ከመኪናው ሆድ ሥር ተጋድሞ፣ ከጭስ ማውጫው ቱቦ ጋር ተያይዞ የሞተሩን ጩኸት የሚያፍነው ቆርቆሮ። በጣሊያንኛ ግን ቃሉ አስቀድሞ የድስት ስም ነው። ጣሊያኖች የወሰዱት ከፈረንሳይኛ ሲሆን በጥንቱ ፈረንሳይኛ ደግሞ ‹ማርሚት› ማለት ግብዝ ማለት ነበር። ግብዝነትን ከድስት ጋር ምን አገናኘው ቢሉ፣ ድስት ክዳኑን ደፍቶ በሆዱ የሚንተከተከውን ስለሚደብቅ ነው ይላሉ የቃላትን ዘር የሚቆጥሩ ሊቃውንት። ስለ ማርሚታ ታሪክ ማንበብ ከጀመርሁ ወዲህ ይህ የቆየ ትርጉም ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የስፖርት መኪና ባለቤቶች ከፋብሪካ የመጣውን ማርሚታ አስወልቀው በምትኩ የሚያስገጥሙት፣ በውስጡ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ያለው ማርሚታ ነው። በሩ ቫልቭ ይባላል። ሲዘጋ መኪናው እንደ ጨዋ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል፤ ሲከፈት ያገሳል። የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ለሆነ ሰው ይህ ምኑ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ፤ ነገሩ የብረት ብቻ ሳይሆን የሰው ድምፅና የጎረቤት እንቅልፍ ጉዳይ ነው። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። በሲሊንደር ውስጥ ቤንዚንና አየር ተቀላቅለው ይቀጣጠላሉ፤ ፒስተኑን ገፍቶ የተረፈው ትኩስ ጋዝ መውጫው ሲከፈትለት ገና ግፊቱን ሳይጨርስ ወደ ቱቦው ይወረወራል። እያንዳንዱ ውርወራ አንድ የአየር ጥፊ ነው። ባለ አራት ምት በሚባለው ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር የሞተሩ ዘንግ ሁለት ጊዜ በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ ይተኩሳል። ስለዚህ ስምንት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 400 ጥፊ ይልካል። በዚህ ፍጥነት የተደጋገመ ጥፊ ኳኳታ መሆኑ ይቀርና ዜማ ይሆናል፤ ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን ከሚቃኙበት ከ440 ትንሽ ዝቅ ያለ ድምፅ። ጥፊዎቹ የሚሰደሩበት ሥርዓትም የየሞተሩን ጠባይ ይወስናል። የተለመደው የአሜሪካ ስምንት ሲሊንደር በግራና በቀኝ ያሉት ጥፊዎቹ እኩል ርቀት ስለማይጠብቁ ያጉረመርማል። የፌራሪው ስምንት ሲሊንደር ዘንጉ በሌላ መልክ ስለተቀረጸ ጥፊዎቹ እኩል ርቀት ይጠብቃሉ፤ ስለዚህም ከማጉረምረም ይልቅ ይጮኻል፣ ዙሩ በጨመረ ቁጥር ድምፁ እየቀጠነ ይወጣል። በጆሮ ብቻ የመኪና ዘር የሚለዩ ሰዎች ጠንቋዮች አይደሉም፤ የሚሰሙት ይህን ሥርዓት ነው።

ማርሚታ ይህን ዜማ የሚያፍንበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ቆርቆሮውን በክፍል በክፍል ከፍሎ የድምፁን ሞገድ ከግድግዳ ግድግዳ እያላተመ ራሱን በራሱ እንዲያጠፋ ማድረግ ነው። ሌላው ጋዙን ቀዳዳ በበዛበት ቀጥ ያለ ቱቦ አሳልፎ በዙሪያው በተጠቀጠቀ የመስታወት ጥጥ ድምፁን ማስመጠጥ ነው። የመጀመሪያው ይበልጥ ዝም ያሰኛል፤ ነገር ግን የጋዙን መንገድ ስለሚያጣምምበት ሞተሩ ከጉልበቱ ጥቂት ለመግፋት ያወጣል። ማለትም ዝምታ በነጻ አይገኝም። ከዚህ በኋላ የምተርከው ሁሉ ይህ ዋጋ በማን ኪስ ይከፈል የሚለው ክርክር ነው።

በ1897 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት፣ በኮሎምበስ ከተማ፣ ሚልተንና ማርሻል ሪቭስ የተባሉ ወንድማማቾች ለሞተር ድምፅ ማፈኛ የፈጠራ መብት አገኙ። (ሚልተን ዕረፍት የማያውቅ ሰው ነበር፤ በ1911 ስምንት ጎማ ያለው መኪና ሠርቶ ገዢ አጣ።) እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የማክሲም ቤተሰብ ነው። አባትየው ሂራም ስቲቨንስ ማክሲም በ1880ዎቹ በስሙ የሚጠራውን መትረየስ የሠራ ሰው ነው፤ መሣሪያው በአፍሪካ ምድር ያደረሰውን ለእኛ አንባቢ መዘርዘር አያስፈልግም። የተኩሱ ጩኸት ፈጣሪውንም አልማረውም፤ በስተርጅናው ጆሮው ደንቁሮ ነበር። ልጁ ሂራም ፐርሲ ማክሲም ደግሞ የመኪና መሐንዲስ ሆነ፤ በ1909 ለጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ የፈጠራ መብት ወሰደ፤ ኩባንያውም ለሞተር የሚሆኑ ማፈኛዎችን ሠርቶ ሸጠ። አባቱ ያስጮኸውን ዓለም ልጁ ሊያባብል የተነሣ ይመስላል። ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢፈጥረው ‹ተጋነነ› እንለው ነበር።

የዘመኑ ነጂዎች ግን ማርሚታን አልወደዱትም። ጉልበት ይበላብናል አሉ፤ ያኔ የሞተር ጉልበት በጣት የሚቆጠር ስለነበር አቤቱታቸው ፍጹም ሐሰት አልነበረም። መፍትሔውም ወዲያው ተገኘ። ከማርሚታው አስቀድሞ በቱቦው ላይ ትንሽ በር ይከፈታል፤ ነጂው በእግሩ ፔዳል ወይም በሽቦ ሲጎትተው ጋዙ ማርሚታውን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ውጭ ይወጣል። አሜሪካኖች ይህን ‹ካታውት› አሉት፤ መቁረጫ እንደማለት ነው። ዳገት ሲመጣ ይከፈታል፣ ከተማ ሲገባ ይዘጋል፤ ቢያንስ ሐሳቡ ይህ ነበር። በ1908 ለገበያ የወጣው የፎርድ ሞዴል ቲ በየመንደሩ ሲዳረስ መቁረጫውን ለየብቻ የሚሸጡ የመለዋወጫ ነጋዴዎች አብረው ተነሡ። ማንም ገበሬ ገዝቶ በገዛ እጁ ሊያስገባው ይችል ነበር። ዛሬ አዲስ ፈጠራ ተብሎ በብዙ ሺህ ዩሮ የሚሸጠው ባለ ቫልቭ ማርሚታ እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነገር ነው።

የተጠበቀው ግን አልሆነም። በሩ ዳገት ላይ ብቻ አልተከፈተም፤ በዋናው መንገድ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ በእኩለ ሌሊት ተከፈተ። የአሜሪካ ከተሞች አንድ በአንድ ከለከሉት። የክልከላው ቃል ዛሬም በሕግ መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ የካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ ሕግ ማንኛውም ማርሚታ መቁረጫም ሆነ ማለፊያ እንዳይኖረው በስም ጠቅሶ ያዛል። መቁረጫውን በዓይኑ ያየ ትውልድ አልፏል፤ ሕጉ ግን እንደ አሮጌ ዘበኛ በሩ ላይ ቆሟል።

በእንግሊዝ ነገሩ ከፍ ያለ ወግ ነበረው። በ1907 ከለንደን በስተ ደቡብ ምዕራብ በብሩክላንድስ ለመኪና እሽቅድድም ተብሎ የመጀመሪያው ልዩ ሜዳ ተከፈተ። በአካባቢው ሰፊ ግቢና ጸጥታ ገዝተው የሚኖሩ ባለጸጎች ብዙም ሳይቆዩ ጩኸቱን በፍርድ ቤት ከሰሱ። ክርክሩ ቢቀዘቅዝም አልሞተም፤ በ1920ዎቹ አጋማሽ በሜዳው የሚሮጥ መኪና ሁሉ መጠኑ የተወሰነ ትልቅ ማርሚታ እንዲገጥም ተገደደ። ጫፉ እንደ ዓሣ ጅራት የተዘረጋው ይህ ማርሚታ ‹የብሩክላንድስ ጣሳ› ተባለ። እዚህ ላይ አንድ ቀልድ አለ። ጎረቤት እንዲተኛ ተብሎ የተፈጠረው ጣሳ ከእሽቅድድም ሜዳ የመጣ በመሆኑ ብቻ ወጣቶች በተራ መኪናቸው ላይ ለጌጥ ይገጥሙት ጀመር።

ከፋብሪካ ውጭ የሚሸጥ ማርሚታ ክብርና ስም ያገኘው ግን በጣሊያን ነው፤ ያስከበረው ሰው ደግሞ በትውልዱ ጣሊያናዊ አልነበረም። ካርል አባርት በኅዳር ወር 1908 በቪየና ተወለደ። በልደት ቀኑ የሚቆጥሩት ኮከቡን ጊንጥ ይሉታል፤ የእኛ ዐውደ ነገሥት ከስም ቢያሰላም ዐቅራብ የሚለውን ኮከብ ያውቀዋል። በወጣትነቱ የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር። በ1934 ጎን ተሳፋሪ ባለው ሞተር ብስክሌት ከታዋቂው የኦርየንት ኤክስፕረስ ባቡር ጋር በቪየናና በኦስተንድ መካከል ተሽቀዳድሞ በመልሱ ጉዞ ባቡሩን ቀደመው። በዩጎዝላቪያ በእሽቅድድም ላይ ክፉኛ ቆሰለ፤ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ዓመታት በሉብሊያና አሳለፈ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ጣሊያን ገብቶ ስሙን ካርሎ አለ፤ ቺዚታሊያ ከተባለው የእሽቅድድም መኪና ኩባንያ ጋር ሠራ። ኩባንያው ሲከስር ከፍርስራሹ ጥቂት መኪኖች ይዞ በመጋቢት 31 ቀን 1949 የራሱን ኩባንያ አቋቋመ፤ ዓርማውንም ጊንጥ አደረገው። በዓመቱ፣ በሚያዝያ 1950፣ ታላቁ ታዚዮ ኑቮላሪ በሲሲሊ በሞንቴ ፔሌግሪኖ ዳገት ላይ የመጨረሻ ድሉን ያገኘው በአባርት መኪና ነው።

ድል ግን ደሞዝ አይከፍልም። አባርትን ያኖረው ማርሚታ ነው። ጦርነት ባደቀቃት ጣሊያን ብዙው ሰው የሚነዳው ትንሿን ፊያት ቶፖሊኖ፣ ቆየት ብሎም ፊያት 600ን ነበር፤ ጉልበታቸው ትንሽ፣ ድምፃቸውም የልብስ ስፌት መኪና የሚመስል። አባርት ለእነዚህ ጋዙን በቀጥታ የሚያሳልፍ፣ በመስታወት ጥጥ የተሞላ፣ ቆዳው ጥቁርና ሸካራ፣ ጫፉ የሚያብረቀርቅ ማርሚታ ሠርቶ ሸጠ። ጥቂት ጉልበት ይጨምራል፤ ዋናው ግን ድምፁ ነው። የቢሮ ጸሐፊው ጠዋት ወደ ሥራው ሲሄድ ኑቮላሪን ኑቮላሪን ይላል! ማርሚታው በመቶ ሺህ ተሸጠ፤ ከጣሊያንም ወደ ውጭ ተሻገረ። አባርት የተረዳው ነገር ይህ ይመስለኛል፤ የእሽቅድድም መኪና መግዛት የማይችል ሰው ድምፁን ግን መግዛት ይችላል።

ስለዚህ ሰው አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። በ1965 በሞንዛ ሜዳ የፍጥነት ክብረ ወሰን ሊይዝ ሲነሣ በጠባቧ መኪና ውስጥ አልገባ አለ። ዕድሜው ሃምሳ ሰባት ሊሞላ ነበር። ፖም ብቻ እየበላ 30 ኪሎ ያህል ቀነሰ፤ ገባ፤ ክብረ ወሰኑንም ያዘ። በ1971 ኩባንያውን ለፊያት ሸጠ፤ በ1979 በተወለደባት ቪየና አረፈ።

አባርት ኩባንያውን ሊሸጥ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በ1970፣ የአውሮፓ ገበያ አገሮች የመኪናን ጩኸት በቁጥር ወሰኑ። አፈተናኑ ቀላል ነው። መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይመጣል፤ መሥመሩ ላይ ሲደርስ ነጂው ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይረግጣል፤ 20 ሜትር እስኪያልፍ ድረስ በግራና በቀኝ በ7 ሜትር ተኩል ርቀት የቆሙ ማይክራፎኖች ያዳምጡታል። ለቤት መኪና የተፈቀደው 82 ዴሲቤል ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ 74 ወረደ። ስምንት ዴሲቤል ለማያውቀው ትንሽ ይመስላል፤ የዴሲቤል ቁጥር ግን የሚያድገው በማባዛት ስለሆነ ልዩነቱ በድምፁ ኃይል ሲሰላ ከስድስት እጥፍ ይበልጣል።

የስፖርት መኪና ሠሪዎች ተጨነቁ። ድምፅ ነፍሳቸው ነው፤ ሕጉ ደግሞ ዝም በሉ ይላል። ያን ጊዜ አሮጌው በር ተመለሰ፤ አሁን ግን የሚጎትተው የነጂው እግር ሳይሆን ኮምፒውተር ነው። በቱቦው ውስጥ ክብ ሳህን አለ። ሲዘጋ ጋዙ በክፍሎቹ እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ ሲከፈት በአቋራጭ ይወጣል። ሚትሱቢሺ በ1990 ባወጣው ጂቲኦ ላይ ነጂው በአዝራር የሚመርጠው የማርሚታ ቫልቭ አቀረበ። በ1994 የወጣው ፌራሪ ኤፍ 355 ደግሞ ሞተሩ ሲጋልብ ራሱ የሚከፈት ማለፊያ ነበረው። ያ ሞተር በደቂቃ እስከ 8,500 ይዞር ነበር፤ በሰከንድ ከ560 በላይ ጥፊ ማለት ነው። እንዲህም ሆኖ ብዙ ባለቤቶች አልበቃቸውም፤ እዚያው በፌራሪ መንደር በማራኔሎ ከሚሠራው ከቱቢ ስታይል ሌላ ማርሚታ እየገዙ አስቀየሩ።

የጥንቱን የቃሉን ትርጉም ያስታወሰኝ ይህ ዘመን ነው። ፈተናው የሚካሄድበት ፍጥነትና ማርሽ አስቀድሞ የታወቀ ነው። በዚያ ዙር ላይ ሳህኑ ተዘግቶ እንዲቆይ፣ ከዚያ አልፎ ግን እንዲከፈት ኮምፒውተሩን ማዘዝ ይቻላል። ድስቱ በፈታኙ ፊት ክዳኑን ይደፋል፤ ፈታኙ ሲሄድ ይገነፍላል። ግብዝነት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ባለቤቶቹም ምሥጢሩን ለመድረስ አልዘገዩም። በብዙዎቹ መኪኖች ሳህኑን የሚዘጋው ከሞተሩ የሚመጣ የቫኪዩም ስበት ነው፤ ስበቱ ሲቋረጥ ሞተሩ እንዳይታነቅ ተብሎ ሳህኑ በስፕሪንግ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ተቆጣጣሪውን ኤሌክትሪክ የምትመግበውን አንዲት ፊውዝ መንቀል በቂ ነው። የኮርቬትና የአስተን ማርቲን ባለቤቶች ለዓመታት ሲመካከሩበት የኖሩት ማሻሻያ ዋጋው ምንም ነበር፤ ፊውዟን ነቅሎ በኪስ መክተት።

ዛሬ ከፋብሪካ ውጭ የሚሠሩት ማርሚታዎች ግን የእጅ ጥበብ ናቸው ብል አላጋነንሁም። ከሉብሊያና ብዙም ሳይርቅ ኢቫንችና ጎሪትሳ በምትባል የስሎቬንያ ከተማ ኢጎር አክራፖቪች የተባለ የቀድሞ የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ በ1990ዎቹ መባቻ ማርሚታ መሥራት ጀመረ። መጀመሪያ ድርጅቱን ስኮርፒዮን ብሎት ነበር፤ ዓርማውም እስከ ዛሬ ጊንጥ ነው። አባርት በጦርነት ዘመን በተጠለለበት አገር ሌላ ባለ ጊንጥ ማርሚታ ሠሪ መነሣቱ አጋጣሚ ይሁን ሌላ፣ ደስ የሚል ነገር ነው። የሚሠራበት ብረት ቲታኒየም ነው፤ ክብደቱ ከአይዝጌ ብረት በግማሽ አካባቢ ያንሳል፣ እሳት ሲነካው ወርቃማ፣ ሐምራዊና ሰማያዊ እየሆነ ይቀልማል።

ፍራንክፈርት አጠገብ የሚኖር አንድ የልጅነት ወዳጄ አለኝ። በመጋዘን ሥራ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። ያገለገለ ፖርሽ 911 ገዛ፤ ዓመት ሳይሞላው ባለ ቫልቭ ማርሚታ አስገጠመበት። ሥራው እንደሚፈራው አይደለም። መኪናው ወደ ላይ ይሰቀላል፣ የኋላው መከላከያ ይወርዳል፣ የዛጉት ብሎኖች ዘይት ጠጥተው ይፈታሉ፣ አሮጌው ማርሚታ ይወጣል፣ አዲሱ ይሰቀላል፣ የቫልቮቹ ገመድ ከመኪናው ጋር ይገናኛል። ጀርመኖች ግን ወረቀት ይጠይቃሉ። ማርሚታው የተፈቀደ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ከሌለው መኪናው በየሁለት ዓመቱ የሚደረገውን ምርመራ አያልፍም፤ በመንገድም ቢያዝ የመኪናው የመንገድ ፈቃድ ይሻራል። በኪስ በሚያዝ ሪሞት የሚከፈቱ ርካሽ ቫልቮች ስለዚህ አይሆኑትም፤ እርሱ የገዛው በፋብሪካው አዝራርና በፋብሪካው ትእዛዝ ብቻ የሚሠራ ነው። ልጠይቀው በሄድሁ ጊዜ አብረን ወጣን።

«ለመሆኑ ስንት ፈረስ ጨመረልህ?» አልሁት።

«አሥርም አይሞላ» አለኝ፣ ሳያፍር።

እውነቱን ነው። የዛሬ ሞተር ማርሚታው ብቻ ተቀይሮለት ብዙ አያገኝም፤ ትልቁ ማነቆ ከፊት ለፊት፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ጋ ነው፤ እርሱን መንካት ደግሞ ሕግ መጣስ ነው።

«ታዲያ ያን ሁሉ ዩሮ ለምን አወጣህ?»

«አንተ አገርህ ነው ያለኸው፤ አይገባህም። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የኖርሁት። ስልክ ሳወራ ዝቅ። ልጆቼ ሲሮጡ ‹ቀስ በሉ፣ ከሥራችን ሰው አለ›። እናታቸው ቡና ስትወቅጥ ‹ተይ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል›። አንድ ቀን እንኳ ሳልሳቀቅ መጮህ አማረኝ።»

ከከተማው ወጥተን አዝራሩን ተጫነ። ድምፁን ልገልጸው አልሞክርም፤ ወንበሩ በጀርባዬ ገባ፣ እርሱም እንደ ልጅ ሳቀ። ሲመሽ ወደ ሰፈሩ ተመለስን። ቤቱ ሁለት መታጠፊያ ሲቀረው እጁን ዘርግቶ ቫልቩን ዘጋ፤ እየተንሸራተተ ገባ። «ከፎቅ ያለችው አራስ ናት» አለ። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለሥራ ሲወጣም እንዲሁ ነው። ሞተሩ በቅዝቃዜ ሲነሣ ኮንቨርተሩን ለማሞቅ ዙሩን ከፍ ያደርጋል፤ ጎረቤት የሚነቃው በዚያች ግማሽ ደቂቃ ነው። አልጋዬ ላይ ሆኜ አዳመጥሁ፤ ከማንም ጎረቤት መኪና የተለየ ነገር አልሰማሁም።

በፈተና ሜዳ ግብዝ ያልሁት ሳህን በዚህ ሰው እጅ ሌላ ነገር ሆነ። እኛ ለዚህ ቃል አለን፤ ይሉኝታ። ይሉኝታ ከግብዝነት የሚለየው በክር ነው፤ ሁለቱም ለሌላው ሰው ሲሉ ክዳን ይደፋሉ። ግብዙ የሚደፋው ለሚቀጣው ነው፤ ይሉኝታ ያለው ለምትተኛው አራስ። ብረቱ ይህን ልዩነት አያውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 የመንገድ ጩኸት በሌሊት በአማካይ ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ የመከረው ጩኸት እንቅልፍን ከመንሳት አልፎ ልብን ስለሚጎዳ ነው። ወዳጄ ይህን ቁጥር አያውቀውም፤ አራሷን ግን ያውቃታል። የሚያሳዝነው ሰፈር ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው አለመታደሉ ነው። ፓሪስ በ2022 በመንገዶቿ ላይ ጩኸት የሚለኩ ራዳሮችን መሞከር የጀመረችው ለይሉኝታ ቢተው የማይሠራ ቢሆንባት ነው።

ሕጉም በበኩሉ ነቅቷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 ባወጣውና ከ2016 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ደንብ ፈተናን ለማለፍ ብቻ የሚሠራ፣ በተለመደው ጉዞ ግን የማይሠራ መሣሪያ መግጠምን ከለከለ፤ መኪናው ከአንዱ የፈተና ነጥብ ውጭም እንዲደመጥ አዘዘ። ከ2024 ጀምሮ ለአዲስ ዓይነት ተራ የቤት መኪና ጣሪያው 68 ዴሲቤል ሆኗል። ከ2018 ወዲህ ደግሞ የቤንዚን ሞተሮች የጥቀርሻ ማጣሪያ ስለተደረገላቸው ማጣሪያው ራሱ ድምፁን ያደበዝዘዋል። በሩ እየጠበበ ነው።

ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስትከለክል ምክንያቷ የውጭ ምንዛሬና የራሷ የኤሌክትሪክ ኃይል እንጂ ጩኸት አልነበረም። ውጤቱ ግን በጆሮ ይሰማል፤ ወይም አይሰማም። በአዲስ አበባ መንገድ ከኋላ የሚመጣውን መኪና በድምፁ የለመደ እግረኛ ድንገት ጎኑ ላይ አይቶት ይደነግጣል። እነዚህ መኪኖች ማርሚታ የላቸውም። ቃሉ ከጣሊያን መካኒኮች ከወረስናቸው መካከል ሥራ የሚፈታ የመጀመሪያው ይሆን ይሆናል።

አስቂኙ ነገር፣ ለነዳጅ መኪኖች ጣሪያ ያበጀው ያው የ2014ቱ የአውሮፓ ደንብ ለኤሌክትሪክ መኪኖች ወለል አበጅቷል። ከ2021 ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሁሉ በዝግታ ሲሄድ፣ ዓይነ ስውሩና ሕፃኑ እንዲሰሙት፣ ድምፅ እንዲያወጣ ተገዷል። መቶ ዓመት ዝም በል የተባለው መኪና ዝም ሲል ተናገር ተባለ።

አባርትስ? ስሙ በፊያት ቤት ዛሬም አለ። ‹ሬኮርድ ሞንዛ› የሚባል፣ በሞንዛ የተያዙትን ክብረ ወሰኖች የሚያስታውስ፣ ግፊት ሲበዛበት የሚከፈት ቫልቭ ያለው ማርሚታ ለትንሿ ቤንዚን መኪናው ሲሸጥ ቆይቷል። በ2023 አባርት 500ኢ የተባለች የኤሌክትሪክ መኪና አወጣ። ማርሚታ የላትም። መሐንዲሶቹ ግን የሬኮርድ ሞንዛን ድምፅ ቀድተው፣ በሺህ ለሚቆጠር ሰዓት ሠርተውበት፣ ከመኪናዋ ሥር በድምፅ ማጉያ አስቀመጡት፤ ፔዳሉን ሲረግጡት ሌለው ሞተር ያገሳል። ገዢው ካልፈለገው ሊያጠፋው ይችላል። በመጀመሪያዎቹ መኪኖች ላይ ግን ማጥፊያው የሚሠራው መኪናዋ ቆማ ሳለ ብቻ ነበር፤ አንዴ ጉዞ ከተጀመረ በኋላ ሰፈር ሲደርሱ የሚዘጋ ነገር የለም።